በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ስጡን

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ እና ጤና መምሪያ
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ እና ጤና መምሪያ
ግልባጭ፦ ለተማሪ ወላጆች
ጉዳዩ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የጭንቀት ሕክምና እንዲጀመር ስለመጠየቅ

ቁጥርም ማኅተምም የሌለው ደብዳቤ በእናንተ ቢሮ ከመዝገብ ቤት እንደማያልፍ አውቃለሁ። በአደባባይ መጻፌም ለዚህ ነው። ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ ሐኪምም ሳይኮሎጂስትም አይደለሁም። የምጠይቃችሁ ግን ሕክምና ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሊሰጥ የሚችል፣ ከፋርማሲ ምንም የማይገዛለት፣ ሌላ አገር ተሞክሮ ውጤቱ የታየ የጭንቀት ሕክምና። ለዚህ በየትምህርት ቤቱ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመደበ አንድ ሰው፣ ያንን ሰው በየሳምንቱ የሚከታተልና የሚያርም አንድ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ስለ እነማን እንደምናወራ ላስታውስ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ሲገቡ ያስጠጋናቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። ልጆቻችን የሚማሩበትን ክፍል ፍራሽ ተነጥፎበት አዩት። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች ተያዙ፤ ህዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ ከወር በላይ ያየነውን አየን። ከፊሉ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በእግሩም በመኪናም ወጣ፤ ከፊሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ። ከዚያ አልጋው ተተካ፣ መስኮቱ ተገጠመ። የልጆቹ ፍርሃት ግን በንብረት መዝገብ የሚሰፍር አይደለምና ማንም አልተረከበውም።

ያኔ አራተኛ ክፍል የነበረው ልጅ፣ ትምህርቱ ካልተቋረጠበት፣ ዘንድሮ በ2018 የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል። ያኔ ስምንተኛ የነበረችው ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናት። በመሀሉ ከሐምሌ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ አባት ወጥቶ ሲያመሽ፣ እናት ስልኳን ደጋግማ ስታይ ልጆች ዝም ብለው ይመለከታሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ ፈተናው ይጨመርበት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ተፈትሾ ገብቶ፣ በማያውቀው ዶርም አድሮ ነው የሚፈተነው። ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ የተደረገ ነው፤ አልቃወመውም። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ እንደሚወድቅ በቴሌቪዥን የሰማ ልጅ ግን ፈተናን ቢፈራ ምክንያት የለውም ልንለው አንችልም።

ጭንቀት በእኛ ከተሞች በስሙ ተጠርቶ አይመጣም። ጨጓራ ሆኖ ይመጣል፤ ታይፎይድ ሆኖ ይመጣል። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬን ላንሳ፤ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ። የፈተና ወረቀት ሊታደል ሲል ደረቱ ይጠብቃል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ አየር የሚያልቅበት ይመስለዋል። እናቱ ክሊኒክ ወሰዱት፤ ደም ሰጠ፣ ታይፎይድ ተባለ፣ ኪኒን ተሰጠው። ሲብስበት ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄዱ፤ ጨጓራ ተባለ፣ ኦሜፕራዞል ታዘዘለት። በመጨረሻ የልብ ምርመራ ተነሣ። ወረቀቱን ያዩት ሐኪም «ልብህ እንደ ብረት ነው፤ ምንም የለብህም» ብለው አሰናበቱት። እናቱ ትምህርት ቤት መጥተው «መምህር፣ በሽታ ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «ምንም ለሌለበት ልጅ ምን መድኃኒት ይገዛለታል?» ልጁ በዚያ ሳምንት ትምህርት አቆመ።

ሐኪሙ አልተሳሳቱም፤ ልቡ ጤነኛ ነው። ጣቱም የሚደነዝዘው በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስና ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ቢያገኝ እንኳን ግማሹ ሽብር ይቀንስለት ነበር። ከሦስት ጤና ተቋም ያልተነገረው እሱ ነው።

ፍርሃት እንደ ግቢ ውሻ ነው። የተቀመጠው ለጅብ ሊጮህ ነው። ጅብ አንዴ የገባበት ግቢ ውሻ ግን ለነፋሱም ለጎረቤቱም ይጮሃል፤ ባለቤቱ በጮኸ ቁጥር እየተነሣ በሩን ከቆለፈ ደግሞ ውሻው እውነቴን ነው ብሎ ይጸናል። ልጁ ፈተናውን ጥሎ ሲወጣ ደረቱ ወዲያው ቀለል ይለዋል። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው፤ ቀለል ያለው በመሸሹ ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ለመሸሽ የበለጠ ይቸኩላል። ዛሬ ፈተና ይቀራል፣ ነገ ክፍል ይቀራል፣ ሲሰነብት ከቤት መውጣት ይቀራል።

እኛም በበጎ ልብ እናግዘዋለን። መምህሩ በክፍል ፊት ቆሞ እንዳያቀርብ ይተወዋል። እናት «ዛሬስ ይረፍ» ይላሉ። ጎረቤቱ «አብሽር» ይለዋል፤ መልካም ቃል ነው፣ ከዚያ ግን ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። ሌላው ወገን ደግሞ «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ ያሳፍረዋል፤ ያፈረ ልጅ ፍርሃቱን መደበቅ ይማራል እንጂ አይተወውም። ፈተናውን ንቅት ብዬ ላጥና ብሎ ጫት እየቃመ የሚያድረውም አለ፤ ጠዋት ልቡ ሲደልቅ ከፍርሃቱ ይሁን ከጫቱ እሱም አይለየውም።

ታዲያ ሕክምናው ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሲቢቲ ይባላል። ምክር መስጠት የሚመስለው ሰው አለ፤ አይደለም። ልጁ ሰውነቱ ላይ የሚሆነውን እንዲያውቅ፣ በዚያች ሰዓት ለራሱ የሚነግረውን ነገር ይዞ እንዲመረምር፣ ከዚያ የሚሸሸውን ነገር ከትንሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጋፈጥ ማድረግ ነው። የቤት ሥራ አለው፤ ወላጅም ድርሻ አለው።

አንዴ በቅርብ አይቼዋለሁ። ኮምቦልቻ ተወልዳ ደሴ አክስቷ ዘንድ የምትማር ልጅ ነበረች፤ የእሷንም ነገር በመጠኑ ቀይሬዋለሁ። ከ2014 ወዲህ ድንገተኛ ድምፅ ስትሰማ ከዴስክ ሥር ትገባለች። የምትቀመጠው ሁልጊዜ በር አጠገብ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ቤቷ መሄድ ትታ ነበር፤ እናቷ ነበሩ ሊያይዋት የሚወጡት። በነፃ ልታግዘን የመጣች አንዲት የሳይኮሎጂ ምሩቅ፣ የቀድሞ ተማሪያችን፣ ከልጅቷ ጋር ተቀምጣ የምትፈራውን ሁሉ ወረቀት ላይ አስጻፈቻት፤ ለእያንዳንዱም ከዜሮ እስከ አሥር ነጥብ አሰጠቻት። ከሁሉ ዝቅተኛው የጎማ ፍንዳታ ድምፅ በስልክ፣ ያውም ቀንሶ፣ መስማት ነበር። እሱን ደጋግማ ስትሰማው ነጥቡ ወረደ። ቀጥሎ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ጎሚስታ ቤቱን ማየት፤ ቀጥሎ ከጓደኛዋ ጋር ጎሚስታው ደጃፍ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት፤ ቀጥሎ ብቻዋን። ሕጉ አንድ ነው፦ ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ አትነሺም፤ ራሱ እስኪወርድ ትጠብቂያለሽ። ኮምፕሬሰሩ ሲያፏጭ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ስትቆይም አይቻለሁ። ክፍል ውስጥ ከበሩ አንድ ወንበር፣ ከዚያ ሁለት ወንበር እየራቀች ሄደች። የመጨረሻው ደረጃ በሚኒባስ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ማደር ነበር። ለዚያ የበቃችው ከፋሲካ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ «በዚህ ዘመን ፍርሃት እንዴት በሽታ ይባላል? ተኩሱ እኮ እውነት ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ትክክል ነው፤ የአውሮፓ መጽሐፍ እንዳለ ተገልብጦ እንዳይመጣ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ያቺ ምሩቅ ከልጅቷ ጋር መጀመሪያ የሠራችው ሁለቱን መለየት ነበር። የእውነት ተኩስ በተሰማ ዕለት መሬት ላይ መተኛት፣ ቤት መዋል፣ መንገድ አለመጀመር ትክክል ነው፤ በዚያ ቀን ልምምድ የለም። የጎማ ፍንዳታ፣ የሠርግ ርችት፣ የጄነሬተር ጩኸት ሌላ ነው። ሰላም በሌለበት አገር ልጅን ደፋር ማድረግ አይደለም ዓላማው፤ አደጋ በሌለበት ሰዓት እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ሰው ሲገደል ያዩ፣ የደረሰባቸውን በአፋቸው ማውጣት ያልቻሉ፣ ሌሊት እየጮኹ የሚነሡ ልጆች ደግሞ አሉን። የእነሱ ሕክምና ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ለዚያ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። የትምህርት ቤቱ ክፍል አንዱ ጥቅም እነሱን ለይቶ ወደ ሆስፒታል መላክ ነው።

ውጤቱን በተመለከተ የእኔን ቃል አትመኑ። ፊሊፕ ኬንዳል የተባለ የአሜሪካው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስት ለሚጨነቁ ልጆች 16 ክፍለ ጊዜ ያለው ፕሮግራም አዘጋጅቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ከ7 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 488 ልጆች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እዚያው አሜሪካ ወጣ። በዚህ ዓይነት ሕክምና ብቻ ከታከሙት 60 በመቶ ያህሉ በጣም ተሻላቸው፤ ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 55 በመቶ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካገኙት 81 በመቶ፤ መድኃኒት የሌለው ኪኒን ከተሰጣቸው 24 በመቶ። ከዚህ ሁለት ነገር አነባለሁ። ንግግሩና ልምምዱ ብቻውን ከመድኃኒቱ አላነሰም። ከአሥሩ አራቱ ግን በእሱ ብቻ አልዳኑም፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ አያስፈልግም የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። የዓለም ጤና ድርጅትም ስፔሻሊስት በሌለበት ጤና ተቋም ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች ጭንቀት መድኃኒት እንዳይታዘዝ ነው የሚመክረው። እኛ ዘንድ የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ንግግሩ የለም፣ ኪኒኑ አለ፤ እሱም ለታይፎይድ።

ያው ድርጅት በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ስልሳ ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ስምንት ያህሉ ማለት ነው፤ ይህም ጦርነት ያላየውን አገር ጭምር ደምሮ ነው።

«ባለሙያ የለንም» የሚለውን መልስ ሳልሰማው እገምታለሁ። እውነት አለው። አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው ገና በ1995 ዓ.ም. ነው። ለየትምህርት ቤቱ ሳይካትሪስት እስኪዳረስ እንጠብቅ ካልን የዛሬ ልጆች ልጅ ወልደው ያስተምራሉ። ነገር ግን ኬንያ አልጠበቀችም። ቶም ኦስቦርን የተባለ ወጣትና ባልደረቦቹ ሻሚሪ በሚል ፕሮግራም ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን አሠልጥነው በየትምህርት ቤቱ አራት ሳምንታዊ የቡድን ውይይት እንዲመሩ አደረጉ። በ413 ተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም የድብርትም የጭንቀትም ምልክት ከንጽጽሩ ቡድን ይልቅ መቀነሱን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ10 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ሰባት የቡድን ክፍለ ጊዜ፣ ለአሳዳጊዎች ደግሞ ሦስት ያለው ኢዝ የሚባል መመሪያ አለው፤ የሚሰጡት ስፔሻሊስት ያልሆኑ፣ ግን የሠለጠኑና ክትትል ያላቸው ሰዎች ናቸው። ክትትል የሚለውን አጥብቄ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበልና የምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ዝምታ፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

እዚህ ያለውን ደግሞ እንቁጠር። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ሳይኮሎጂም ሳይካትሪም ያስተምራል። የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በሳይኮሎጂ ተመርቀው በሌላ ሥራ የሚውሉ ወይም ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ስንት እንደሆኑ እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ፤ ማመልከቻቸው እናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሚጎድለው ሰው አይደለም፤ እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኝ ደብዳቤ ነው።

«ጋይዳንስ አለን እኮ» ትሉኝ ይሆናል። በስም አለ። በማውቃቸው ትምህርት ቤቶች ጋይዳንሱ ሌላ ትምህርት የሚያስተምር፣ ያረፈደ ተማሪ የሚመዘግብ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ወላጅ የሚያስጠራ መምህር ነው። ቢሮው ከዩኒት ሊደሩ ጋር በጋራ ነው፤ አንዳንዴም ስታፍ ክፍሉ ራሱ ነው። «ጋይዳንስ ይፈልግሃል» የተባለ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ነው። ቅጣትና ሕክምና ከአንድ ወንበር ሲሰጡ ልጅ ገመናውን አያወጣም። ደሴ ደግሞ ሰፊ ትመስላለች እንጂ ጠባብ ናት፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የተወራ ነገር ሰኞ ገበያ ሰፈር ባለቤቱን ቀድሞ ይደርሳል። በር የሚዘጋ ክፍል ያልኩት ለዚህ ነው። የመስኮቱም መጋረጃ አይረሳ።

ስለ ወላጆች ጥቂት ልበል፤ ግልባጩ ለእነሱ ነውና። በየል ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝና ባልደረቦቹ ልጆቹን ሳያገኙ ወላጆቹን ብቻ የሚያሠለጥን ሕክምና አዘጋጅተው ከሲቢቲ ጋር አወዳደሩት፤ ውጤቱ አላነሰም። ወላጁ የሚማረው የልጁን ፍርሃት ሳይንቅ፣ ፍርሃቱ የሚያዘውን ግን ቀስ በቀስ አለመፈጸምን ነው፦ «እንደፈራህ ይገባኛል፤ እንደምትችለውም አምናለሁ፤ ዛሬ ግን ትሄዳለህ»። ለወሎ እናት ይህ ቀላል አይደለም። አንጀቷ አይችልም። ብቻዋን ሳይሆን ከሌሎች እናቶች ጋር ሆና ብትሞክረው ግን የምትችል ይመስለኛል፤ ቡና ላይ ተሰባስቦ መመካከርን ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ የለምና።

ወደ ጸበል የወሰዱ፣ ዱዓ ያስደረጉ፣ ወዳጃ የተቀመጡ ወላጆችን የሚነቅፍ ባለሙያ እንዳትልኩብን። ልጁ በዚያ የሚያገኘው ማኅበርና ማረፊያ አለ፤ ያንን መንጠቅ ሞኝነት ነው። ይልቅ የሰበካው ቄስና የመስጊዱ ኢማም ክፍሉን አይተው «ጸሎቱም ይቀጥል፣ ልጁም ይታከም» ቢሉ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ይሠራል። በወሎ አንዱ ለሌላው በሽተኛ መጸለይ የኖረ ነገር ነው፤ ማንም አያስተምረንም።

አሁን ወደ ሥራው። ከመስከረም በፊት ከደሴ ጥቂት፣ ከኮምቦልቻ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይመረጡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልልም፣ በአንድ ጊዜ የተጀመረ ነገር በአንድ ጊዜ ሲቆም አይተናል። ለእያንዳንዱ አንድ የሳይኮሎጂ ምሩቅ ይቀጠር፤ የማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ አይሰጠው፣ የዲሲፕሊን መዝገብም አይያዝ። ጤና መምሪያዎቹ ከሆስፒታሉና ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተፈራርመው በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ባለሙያ መጥቶ የምሩቁን ሥራ ይመርምር፤ መንገድ ሲዘጋ በስልክ። ኮምቦልቻ የራሷ ተቆጣጣሪ ይኑራት፤ ሐረጎ በተዘጋ ቁጥር ሥራው እንዳይቆም። የግል ክሊኒኮች የፈተና ሰሞን በደረት ጥበትና በሆድ ሕመም የሚመጣ ተማሪን ሁለት ጥያቄ እንዲጠይቁ ይነገራቸው፦ መቼ መቼ ነው የሚነሣብህ? ሲነሣብህስ ምን ትተህ ትሄዳለህ? ሥራው ሲጀመርና ከሦስት ወር በኋላ የልጆቹ ምልክት ተለክቶ ይመዝገብ፤ ካልሠራ አልሠራም ይባልና ይቀየር።

ያ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እስካሁን አልተመለሰም። እናቱ በየገበያው ቀን ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል፤ የምልካቸው ቦታ የለኝም። በእኛ ግቢ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተሰበረ ዴስክ የታጨቀበት ክፍል አለ። ጣሪያው አያፈስም፣ በሩም ይዘጋል። ርዕሰ መምህሩን ጠይቄያለሁ፤ ዴስኩ በንብረት መዝገብ ስላለ ያለ መምሪያው ደብዳቤ አይነሣም ብለውኛል። የንብረት ማስወገጃ ደብዳቤውን እንደ መጀመሪያ እርምጃ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በደሴ ከተማ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ደሴ፣ 2018 ዓ.ም.